ዘጠኙ ዲግሪ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ፣ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ እስካሁን ከልቤ አልወጣችም።

ስድስት አዳዲስ ባለ ቀይ አልኮል ቴርሞሜትሮች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ወደ ላቦራቶሪያችን መጡ። ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት በሚፈላ ውኃ ስንፈትሻቸው አምስቱ 91 ላይ፣ ስድስተኛው 85 ላይ ቆሙ። ከቆላ ተዛውረው ከመጡ ሁለት ወር ያልሞላቸው ኃላፊያችን መዝገቡን አይተው፣ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ማንም ተማሪ የሚያውቀው ስለሆነ ዕቃዎቹ ተበላሽተው የመጡ ናቸው አሉ። በዚያው ሰዓት ሁለት ትእዛዝ ሰጡ፤ አንደኛው በየቴርሞሜትሩ ላይ «9 ጨምሩ» የሚል ወረቀት እንዲለጠፍ፣ ሁለተኛው የማይረባ ዕቃ አውቆ ገዝቷል በማለት ለግዢ ሠራተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ ነበር።

«የቦታው ከፍታ ነው የሚመስለኝ» አልኳቸው። «እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃው 100 ሳይደርስ ይፈላል።»

ፈገግ አሉና «አንቺ ልጅ፣ ነገር አታወሳስቢ» አሉኝ። «ቀላሉ ምክንያት እያለ የአየር ግፊት ውስጥ ምን አስገባሽ? ርካሽ ዕቃ ተገዛ፣ ርካሽ ዕቃ ተበላሸ፤ አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ስትማሪ የኦክሃም ምላጭ የሚባለውን አላስተማሩሽም?»

ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ የምወደውን መርሕ መልሰው በእኔው ላይ መዘዙት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው የፍራንሲስካን መነኩሴ ዊልያም ዘኦክሃም ያስጠነቀቀው፣ ሳያስፈልግ ነገርን አታብዛ ብሎ ነው እንጂ ባጭሩ የሚነገረውን ምረጥ ብሎ አይደለም። «ዕቃው ተበላሽቷል» ማለት በአፍ ሁለት ቃል ነው፤ ሲመረመር ግን የተሸከመው ጭነት ከባድ ነው። ለየብቻ የተሠሩ አምስት ቴርሞሜትሮች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሁሉም በእኩል ዘጠኝ ዲግሪ ተሳስተዋል ብሎ ማመን ይጠይቃል። ጠዋት በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ስከታቸው አምስቱም ልክ 0 ላይ ቆመው ነበርና ለዚህም ሌላ ምክንያት መፈለግ ሊያስፈልግ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰው ሌባ መሆን አለበት። ከፍታው ግን ምንም አዲስ ነገር እንድናምን አይጠይቀንም፤ ከተማችን ደጋ መሆኗን በየጠዋቱ ብርዱ ይነግረናል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውኃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስም የታወቀ ነው። 2,800ን ለ300 ያካፈለ ሰው ዘጠኙን ዲግሪ ያገኛታል።

ነገሩ የክርክር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ወተቱን የምናክመው በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በማቆየት ነበር። ቴርሞሜትሩ ልክ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ዘጠኝ ከጨመረበት፣ ገና 54 ላይ «63 ደረሰ» ብሎ መቁጠር ይጀምራል፤ ወተቱም ጀርሙ ሳይሞት ታሽጎ ወደ ሕፃናት ጽዋ ይሄዳል። ስለዚህ እውነቱ እስኪለይ ድረስ ቴርሞሜትሩ ራሱ 63 እስኪያነብ እንዲሞቅ ለመንኩ። እሳቸው ልክ ከሆኑ ወተቱ እስከ 72 ይሞቃል፤ ነዳጅ ይባክናል፣ ጣዕሙም ትንሽ ይለወጣል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ኃላፊው እስከ ሰኞ ብቻ ፈቀዱልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጭንቀቴን ለክበባችን ምግብ አብሳይ ነገርኳት። የሸዋ ሮቢት ሰው ናት። «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ይገርማል?» አለችኝ። «እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ባቄላ አልበስል እያለኝ ስንት ከሰል ፈጀሁ! ውኃው ይንተከተካል እንጂ አያበስልም። ሮቢት እኮ ንፍሮ ጥጄ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ይደርስልኝ ነበር።» ቴርሞሜትር በእጇ ይዛ የማታውቅ ሴት እኔ በቁጥር ላስረዳ የተቸገርኩበትን ነገር በድስት ታውቀው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ አንዱን ቴርሞሜትር በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ እህቷ ቤት ወረድኩ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወበቁ ተቀበለን። ከተማዋ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቤቱ ልጆች ከሰል ምድጃውን ከበው እያዩ ውኃው መንተክተክ ሲጀምር ቴርሞሜትሩን ነከርኩት። ቀዩ መስመር ወጣ፤ 91ን አለፈ፣ 94ን አለፈ፣ 96 ሊደርስ ለጥቂት ሲቀረው ቆመ። ያው ቴርሞሜትር ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። እንባዬ እንደመጣ አልሸሽግም።

ሰኞ ጠዋት ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ማስታወሻ አድርጌ አቀረብኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ «የስድስቱም ንባብ በአንድ ምክንያት፣ ማለትም በከፍታው፣ ይብራራል» ብዬ ጽፌ ነበር። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ወረቀቶቹ እንዲነሡም አዘዙ። ከዚያ ስድስተኛውን ቴርሞሜትር አንሥተው «ይኼስ 85 ያለው? ለእሱ ብቻ ሌላ ተራራ አለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። 85ቱን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ የአነባበብ ስህተት ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ በበረዶ ሳልሞክረው የቀረሁትም አንዱ ምክንያት ለሁሉም በቂ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው። ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ቀዩ መስመር ተቆርጦ፣ ከጥፍር ቁራጭ የማትበልጥ ጠብታ ከቱቦው ጫፍ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። በበረዶ ስከተው ከዜሮ በታች 6 አነበበ። መንገድ ላይ ሲንገላታ የተቆረጠ ነው፤ ከፍታው ዘጠኙን ዲግሪ እንጂ የቀሩትን ስድስቱን አልወሰደም።

ኃላፊው ለዚህች ጠብታ ሲሉ ደብዳቤውን አላነሡም። «ያው የተበላሸ ዕቃ ተገዝቷል» አሉ። ማስታወሻዬ ስለ አምስቱ ብቻ በጥንቃቄ ተጽፎ፣ ስድስተኛውን ለብቻው መርምሬ የጉዞ ጉዳት መሆኑን ቀድሜ አሳይቼ ቢሆን ኖሮ የሚይዙት ነገር አያገኙም ነበር። የግዢ ሠራተኛው ይህን ስነግረው ቅር አላለውም፤ «አምስቱን አድነሽልኛል» ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

በዚያው ሳምንት ስድስተኛውን በረዶና ጨው በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ አቆየሁት፤ ቀዩ መስመር ተሰብስቦ ወደ ታች ሲወርድ የተቆረጠችው ጠብታም አብራ ወርዳ ተቀላቀለች። ሥራውን እስክለቅ ድረስ በበረዶ 0፣ በሚፈላ ውኃ 91 እያነበበ አገለገለን። ደብዳቤዋ ግን ከሰውየው የግል ማኅደር ሳትወጣ ቀረች።