ሁለት መቶኛ ፓውንድ

ዳላስ ውስጥ ሀበሻ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ሥራ ነው። እኔ «ሚዛን እመረምራለሁ» ስል ግን ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል። ፈቃድ ባለው አንድ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥሬ የሱፐርማርኬት የሥጋ ሚዛን፣ የቁራጭ ብረት ገዢዎች ሚዛን፣ የእህል ጎተራ ሚዛን እየዞርኩ እፈትናለሁ። ክብደታቸው የታወቀ የሚዛን ድንጋዮች እየጫንኩ አያለሁ፤ ልኩን ከጠበቀ ወረቀት ፈርመን ስቲከር እንለጥፋለን፣ ካልጠበቀ እናስተካክላለን። ሥራው ይኸው ነው።

ከደንበኞቻችን መካከል የሐይቅ ዳር ሱቆች አሉ። ትል፣ በረዶ፣ ቡናና የማጥመጃ ፈቃድ ይሸጣሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ሚዛን አለቻቸው። በዚያች ሚዛን የሚነሳውን ክርክር ያህል በወርቅ ቤት ሚዛን ሲነሳ አላየሁም።

ምክንያቱ ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች ሲጎተት ያየ ሰው ባስን አይቶ «ይቺው ናት?» ቢል አይፈረድበትም። አሜሪካኖች ግን በዚህች ዓሣ ያብዳሉ። ቴክሳስ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሼርለንከር የሚባል የመንግሥት ፕሮግራም አላት፤ 13 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 5.9 ኪሎ፣ እና ከዚያ በላይ የምትመዝን ባስ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት የያዘ ሰው ዓሣዋን ከነሕይወቷ ለእርባታ ያውሳል። ግዙፎቹ ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ወቅት እንቁላል ስለሚይዙ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳሉ። የአጥማጁ ስም ይመዘገባል፣ የዓሣዋ አምሳያ ተሠርቶ ይሰጠዋል፣ ልጆቿ በየሐይቁ ይለቀቃሉ። ከ13 በታች ከሆነች ወደ ታችኛው ደረጃ ትወርዳለች።

ነገሩ የሆነው ፌብሯሪ ላይ፣ ከዳላስ በስተምሥራቅ ሌክ ፎርክ ዳር ባለ አንድ ሱቅ ነው። የቴክሳስ ሪከርድ የሆነችው 18.18 ፓውንድ ባስ በ1992 የወጣችው ከዚሁ ሐይቅ ነው። አብሮኝ የነበረው አለቃዬ ሚዛን ላይ ጥርሱን የነቀለ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው። የሱቁ ሚዛን እስከ 30 ፓውንድ ይችላል፤ በመቶኛ ፓውንድ እየዘለለ ያነባል። ስንደርስ ሳህኑ የግድግዳውን መደርደሪያ ነክቶ ነበር፤ ትንሽ ስበን አራቅናት። እንዲህ ያለ ንክኪ ክብደት ይሰርቃል። ከዚያ የውኃ ልኩን አረፋ መሐል አስገባሁና በ5፣ በ10፣ በ20 ፓውንድ፣ ከዚያም በአራቱም ማዕዘን እየጫንኩ ፈተንኳት። ሕጉ ከሚፈቅደው አልወጣችም። ወረቀቱን ልሞላ ስል በሩ ተበረገደ።

ጃኬታቸው እስከ ክርናቸው የራሰ፣ ወደ ሰባው የሚጠጉ አዛውንት ናቸው። ጎረቤታቸው ይመስለኛል፣ አንድ ጎልማሳ ከኋላቸው ትልቅ የበረዶ ሳጥን አቅፎ ገባ። «13 ከ6 አውንስ!» አሉ አዛውንቱ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። 16 አውንስ አንድ ፓውንድ ነው። ጀልባ ላይ በእጅ ሚዛን አንጠልጥለው ነው የመዘኗት።

አለቃዬ ፈገግ ብሎ «ጀልባ ላይ የተመዘነ ዓሣ ለወሬ እንጂ ለወረቀት አይሆንም» አላቸው። እውነቱን ነው። ማዕበሉ ከፍ ሲያደርግህ ይከብዳል፣ ሲያወርድህ ይቀላል፤ ሰው ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። የዓለም ሪከርድ የሚመዘግበው አይጂኤፍኤ የሚባለው የአጥማጆች ማኅበርም ጀልባ ላይ የተመዘነ አይቀበልም፤ እግርህ መሬት መርገጥ አለበት።

ዓሣዋን ውኃ በያዘ ከረጢት እንዳለች ሊያስቀምጧት ሲሉ አለቃዬ በእጁ ከለከለ። መጀመሪያ ባዶውን እርጥብ ከረጢትና አንድ እርጥብ ፎጣ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩ። ከረጢቱ ከነዓሣዋ ተንጠፈጠፈ፣ ፎጣው ዓይኗ ላይ ተጣለ። ባስ ዓይኗ ሲሸፈን ትረጋለች፤ አለዚያ ስትፈራገጥ ቁጥሩም አብሯት ይጨፍራል። ጉንጯ ብቻ ይከፈትና ይዘጋል። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ረጋ።

12.98።

ማንም አልተናገረም። ሁለት መቶኛ ፓውንድ 9 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

ጎረቤትየው ጮሌ ነው። ወደ እኔ ዞሮ «ሚዛኑ ራሱ ስንት እንዲሳሳት ይፈቀድለታል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ከስንት የሱቅ ባለቤት ጠብቄ ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ላለው ሚዛን፣ በዚያ ክብደት ላይ፣ አገልግሎት ላይ እያለ ሕጉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት እርከን ይፈቅዳል። ሁለት መቶኛ ፓውንድ። ነገርኩት።

«እንግዲያው 13 ናት!» አለ።

«ወይም 12.96» አለ አለቃዬ።

አዛውንቱ አንዴ ዓሣዋን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። አሳዘኑኝ። ዓሣዋ ሱቁ ውስጥ ወዳለው አየር የሚነፋለት ገንዳ ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ አለቃዬን አስፈቀድኩ። ያንኑ እርጥብ ከረጢትና ፎጣ መልሼ ዜሮ አደረግኩና ዓሣዋ በተኛችበት ቦታ ላይ 10፣ 2 እና 1 ፓውንድ ድንጋይ ደረደርኩ። እውነተኛ 13። ሚዛኑ 12.99 ብልጭ አደረገና 12.98 ላይ ተቀመጠ።

በሙያችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሚዛኑ ቁጥር ካልተማመንክ ዕቃውንና ድንጋዩን በየተራ እዚያው ቦታ ላይ ጭነህ ታመሳክራለህ። ሚዛኑ እንደዚያ ቀን ከታች እየቆረጠ ቢሆን እንኳ ሁለቱንም እኩል ነው የሚቆርጠው። ሚዛኗ አይታ እስከምትለየው ድረስ ዓሣዋና 13 ፓውንዱ አንድ ናቸው።

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጻፍ እንግዲህ፣ ልጄ! 13 በል!»

የሱቁ ባለቤት ደግሞ በበኩሏ «እዚሁ አስተካክሉትና እንደገና ትመዘን» አለች። ለጊዜው ለጆሮ ይጥማል። አለቃዬ ግን ሁለቱንም እምቢ አለ። ሚዛኗ ልኳን አልሳተችም፤ ዓሣ ገንዳ ውስጥ እየጠበቀች፣ ባለቤቷ ከአጠገባችን ቆመው የሚዛን ብሎን ብንነካ ነገ ማን ያምነናል? በዚያ ላይ ሚዛኗ አሁን ያለችበት ሁኔታ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ካስተካከልናት 12.98 የተባለውን ማንም ሊያጣራው አይችልም።

በቀስታ ጠጋ ብዬ «13 መሆኗን እኮ እናውቃለን» አልኩት።

«ዓሣዋ ላይ ስንት አነበብክ?»

«12.98።»

«ድንጋዩ ላይስ?»

«እሱም 12.98።»

«ሁለቱንም ጻፍ። ሦስተኛውን ቁጥር የሚወስን ሰው ሌላ ነው።»

እንዲያ አደረግኩ፤ ሰዓቱን፣ የሚዛኑን መለያ ቁጥር፣ ከረጢትና ፎጣው ዜሮ መደረጋቸውን፣ ሁለቱን ንባቦች። «ዓሣውን ሲይዙ አይቻለሁ» የሚል መስመር ያለበት ሌላ ወረቀት ጎረቤትየው ሲያቀርብልኝ እዚያ ላይ አልፈረምኩም። ያየሁት ሲመዘን ነው።

አለቃዬ ያን ያህል የከረረው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ከተማ ሥር ባለው ሬይ ሃበርድ ሐይቅ በ2009 በተካሄደ ውድድር 55,000 ዶላር የሚያወጣ ጀልባ ለሽልማት ቀርቦ ነበር። አንዱ ተወዳዳሪ ያቀረበው ባስ ገንዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ሌሎቹ መዋኘት ትቶ ወደ ታች ሰጠመ። ሆዱ ሲታይ አንድ ፓውንድ እርሳስ ተገኘ። ሰውየው እስር ቤት ገባ። በ2022 ደግሞ ክሊቭላንድ ላይ ዎልአይ የሚባል ዓሣ ውድድር አሸናፊዎች አምስት ዓሣ ተቀዶ የእርሳስ ድቡልቡል ሲወጣ የታየበት ቪዲዮ ዓለምን አዳርሷል።

ማታ በመኪና ስንመለስ አለቃዬ ስለ ዓለም ሪከርዱ አጫወተኝ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ እኔው ራሴ አነበብኩ። ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ወጣት ገበሬ ጁን 2 ቀን 1932 ሞንትጎመሪ ከሚባል ረግረጋማ ሐይቅ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ባስ አወጣ። ሄሊና በምትባል ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ተመዘነ፣ ለአንድ መጽሔት ውድድር ተላከ፣ 75 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ አስገኘ። ዓሣውን ቤተሰቡ በላው። ዘመኑ የኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ነው፤ ምን ያድርጉ?

ዛሬ በእኛ ፎርም ቢቀርብ ያ ሪከርድ አያልፍም። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ፖስታ ቤት በሚዛኑ ገንዘብ የሚያስከፍል ቦታ ነው፣ ከቤት ሚዛን ይሻላል። ርዝመቱ 32.5፣ ወገቡ 28.5 ኢንች ነበር ተብሎ ተመዝግቧል። ክብደትን ከርዝመትና ከወገብ የሚገምቱ ቀመሮች አሉ፤ በፔሪ ልኬት ላይ ስሞክራቸው አንዱ 22፣ ሌላው 25 ፓውንድ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ቀመር ይዞ ለሚመጣ ሰው ቡና እጋብዘዋለሁ እንጂ አልከራከርም።

በ2006 ማክ ዊክሊ የተባለ አጥማጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲክሰን ሐይቅ ላይ 25 ፓውንድ ከ1 አውንስ ያነበበች ባስ ያዘ። ፔሪን ሦስት ፓውንድ ያህል ትበልጣለች። ግን መንጠቆው አፏን ሳይሆን ገላዋን ነበር የያዘው፤ የተመዘነችውም በእጅ ሚዛን ነው። መልሶ ለቀቃት፣ ሪከርድ ይመዝገብልኝም አላለም። ጥቁር ነጥብ ስለነበራት ሰው ሁሉ ያውቃት ነበር፤ በ2008 ሞታ ስትገኝ 19 ፓውንድ መዘነች። ሌላው ካሊፎርኒያዊ በ1997 ዓሣውን የመዘነው ሰው ቆሞ በሚመዘንበት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው። በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

በጣም የገረመኝ ግን ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ነው። ጁላይ 2 ቀን 2009 ቢዋ ሐይቅ ላይ የያዘው ባስ 22 ፓውንድ ከ4.97 አውንስ ሆነ። ከፔሪ ይበልጣል፤ አላሸነፈውም። በአይጂኤፍኤ ደንብ ከ25 ፓውንድ በታች ለሆነ ዓሣ አዲሱ የቀድሞውን ቢያንስ በ2 አውንስ ካልበለጠ «እኩል» ነው የሚባለው። ሰውየው በውሸት መመርመሪያ ማሽን ሳይቀር ተፈትኖ አለፈ፤ ጃንዋሪ 2010 ላይ ስሙ ከፔሪ ጎን ተጻፈ። ብዙዎች ተበድሏል ይላሉ። እኔ በሙያዬ ሳየው ደንቡ ትክክል ነው፤ በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች፣ በ77 ዓመት ልዩነት የተነበበ አንድ አውንስ ብልጫ ከዓሣው ይምጣ ከሚዛኑ ማን ያውቃል?

ወደ ሱቁ ልመለስ። አዛውንቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ስልክ ደውለው ለፕሮግራሙ ሰዎች ሁለቱንም ቁጥር ሳይደብቁ ነገሩ፤ ይመጣሉ ተባለ። እየጠበቅን ሳለ ዓሣዋ ገንዳው ውስጥ አፏን ከፍታ ግማሹ የተፈጨ ትንሽ ዓሣ ተፋች። የሱቁ ባለቤት መረብ ይዛ «ይቺስ የማን ክብደት ናት?» አለች። አዛውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኛ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀን ስለነበር ሚዛኗን እንዳለች ትተን ወጣን፤ ያስተካከልናት ሰዎቹ ጉዳያቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ነው።

አለቃዬ መኪናው ውስጥ የተናገረው ስለ አዛውንቱ አልነበረም። «በ10 ፈተንክ፣ በ20 ፈተንክ፤ እዚህ አገር ሰው የሚጣላው 13 ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሐይቅ ዳር ሱቆች የምንሞላው ፎርም ላይ የ13 ፓውንድ መስመር ተጨምሯል። 2 እና 1 ፓውንዱን ድንጋይ ለብቻ የምይዝበት ሣጥንም አስገዝቶልኛል።