ዓምና ያልነደደው ችቦ

ይህን ነሐሴ ሳይገባ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ጳጉሜ ላይ ብጽፈው ለማንም አይጠቅምም። ለእንቁጣጣሽ ከልጆቻችሁ ጋር በገዛ እጃችሁ የሆነ ነገር ልትሠሩ ካሰባችሁ ጊዜው አሁን ነው። ዓምና ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የልጄ ነጠላ አይቃጠልም ነበር።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንዱ ልጄ ያኔ 10 ዓመቱ፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ድረስ የበዓሉን ሁሉ ከመንገድ ነበር የምንገዛው። የታተመ የአበባ ሥዕል፣ ታስሮ ያለቀለት ችቦ፣ ሁሉንም። 2017 ሊያልቅ አካባቢ ልጄ፣ «አባዬ፣ አንተ ልጅ እያለህ ችቦ ከየት ነበር የምትገዙት?» አለኝ። እኛ ቤት ችቦ ተገዝቶ አያውቅም። አባቴ ነበር የሚያስረው፣ እኔ ጫፉን እይዝለት ነበር። ይህን ስነግረው፣ «ታዲያ አንተ ለምን አትሠራም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ቀን ዘንድሮ ምንም አንገዛም፣ ሁሉንም እንሠራለን ብዬ ቃል ገባሁ።

ልጆቹ የክረምት ትምህርት ከሚማሩበት ቦታ የዕቃ ዝርዝር ተልኮልን ነበር። ባለቀለም ካርቶን፣ የሚያብለጨልጭ ዱቄት፣ በኤሌክትሪክ የሚቀልጥ ሙጫ። አንዱንም አልገዛሁም፣ እናንተም አትግዙ። የትናንሽ ልጆች እጅ የሚያቃጥል ሙጫ ለምን እንደሚታዘዝ እስካሁን አልገባኝም። አሮጌ ደብተር፣ እርድ፣ ዱቄትና ክር ይበቃል።

ሥዕሉ ቀላል ነው። ወረቀት ስጧቸውና ከአጠገባቸው ዞር በሉ። ልጄ መልአክም አበባም አልሳለም፤ የሳለው ግድቡን ነው። በዚያ ሰሞን የሕዳሴው ግድብ ሊመረቅ ስለነበር ቴሌቪዥኑም ሰፈሩም የሚያወራው ስለ እሱ ነበር። ውሃው በአረንጓዴ፣ ግድግዳው በእርሳስ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ቢጫ አደይ አበባ። ጎረቤት ሁሉ እሱን ነው የመረጠው። የታተመ ሥዕል ይዞ የሚዞር ልጅ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

የወረቀት አበባው ትንሽ ይበልጥ ያደክማል፣ ግን ደስ ይላል። ካለቀ ደብተር ላይ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ቅደዱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርድ አንድ ሊትር በሚሆን ሙቅ ውሃ በጥብጡና ወረቀቱን ነክራችሁ አውጡ። ቢጫው ቁርጥ የአደይ ቢጫ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ እርድ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። ሮዝ ከፈለጋችሁ ቀይ ሥር ቀቅሉ፤ ውሎ ሲያድር ግን ወደ ቡናማ እንደሚሄድ ዕወቁት። ቆርጣችሁ ስታበቁ የእያንዳንዱን ቅጠል ጫፍ እርሳስ ላይ ጠቅልላችሁ ልቀቁት። ያኔ ወረቀት መሆኑ ይቀርና አበባ ይሆናል። ልጄ ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ አንድ በአንድ ስትጠቀልል አንድ ሙሉ ቅዳሜ አብሬያት ተቀምጫለሁ። ጣቶቿ ለሦስት ቀን ቢጫ ሆነው ከረሙ።

ሙጫው የፉርኖ ዱቄት ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በቀስታ እሳት እስኪወፍር አማስሉ፣ ቆንጠር ጨው ጨምሩ። ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ሥሩ፣ በክረምት ቶሎ ይሻግታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ። የነከርናቸውን ወረቀቶች ኩሽና ውስጥ ክር ወጥረን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እንደረጠቡ ቆዩ። እንጀራ በተጋገረበት ቀን ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ኩምሽሽ ብለው ደረቁ። እንቁጣጣሽ የሚመጣው በዓመቱ እርጥቡ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው። የቸገረን መሥራቱ ሳይሆን ማድረቁ ነው። ወረቀቶቹ ይህን ፊት ለፊቴ እያሳዩኝ እኔ ግን ስለ ጭራሮው አላሰብኩም።

ጭራሮውን የገዛሁት ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ ነው። ከመንገድ ዳር ሁለት እስር፣ የባሕር ዛፍ። ስገዛ አንዱንም ሰብሬ አላየሁም። ደረቅ ጭራሮ ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። እርጥብ ከሆነ ይጎብጣል፣ ልጡ ላይ ይንጠለጠላል። የኔ ግማሹ ይጎብጥ ነበር። ቢሆንም ገና ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፣ ይደርቃል አልኩ። ቤት ውስጥ ቦታ ያጣብባል ብዬ ምድር ቤት ደረጃው ሥር አቆምኩት። ነፋስ ያገኘዋል፣ ዝናብ አያገኘውም። ስምንት ቀን እዚያ ቆየ። እየወረድኩ እነካው ነበር። እየቀለለ መጥቶ ነበር።

ዓርብ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የበዓል ጽዳት ዘመቻ እሁድ ጳጉሜ 2፣ የጋራ መጠቀሚያ ቦታዎች እንዲጸዱ ይላል። አነበብኩት። ስለ ቆሻሻ የሚያወራ መስሎኝ አለፍኩት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። እሁድ ደግሞ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሰፈር አልዋልኩም።

ጭራሮዬን ከደረጃው ሥር አውጥተው ከሕንፃው ጀርባ ቱቦው አጠገብ ጣሉት። በነጋታው ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጆቹ ለበረከት ብለው ወጥተው ሲታጠቡ፣ ሲዘሉ፣ እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ገብቼ ነበርና በመስኮት ፎቶ አነሳኋቸው። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዙረዋል። ከኋላቸው ግድግዳው ሥር ጥቁር እስር ነገር ይታያል። ጭራሮዬ ነው። እየሳቅኩ ሳነሳው የነበረው እሱን ጭምር ነው።

ያወቅኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ላመጣው ብወርድ ደረጃው ሥር ባዶ ነው። ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«ኮሚቴው አውጣ አለኝ ጋሼ። እኔ ምን ላድርግ?»

«የማን እንደሆነ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ግን ዛሬውኑ ይውጣ ተባልኩ።»

እሱን አልቀየምኩትም። ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመን፣ «የጋራ ቦታ ላይ ማገዶ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ ማስታወቂያም ተለጥፏል» አለኝ። ደንቡን አልተቃወምኩም፤ ደረጃ ሥር እንጨት መከመር ለእሳትም ለመንገድም ጥሩ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ለመዋጮ ሲሆን ስንቴ አንኳኩተውታል! አንድ ጊዜ አንኳኩቶ «ዕቃህን አስገባ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ባለቤቴ ቤት ነበረች፣ ልጆቹም ነበሩ። ሰብሳቢው፣ «ለሁሉም በየበሩ ስንዞር አንውልም» ብሎኝ በሩን ዘጋ። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በዚያ ሌሊት ጭራሮውን ምድጃ አጠገብ ዘርግቼ ለማድረቅ ሞከርኩ። ቤቱ በእንፋሎትና በጭስ ተሞላ። ባለቤቴ፣ «ልጆቹ ተኝተዋል፣ ተው» ስትለኝ ተውኩ። በነጋታው ጳጉሜ 5 ነው። መንገድ ዳር የታሰረ ደረቅ ችቦ ሞልቷል። ልግዛ ብላቸው ልጆቹ እምቢ አሉ። «ምንም አንገዛም ብለሃል» አሉኝ። እንደ አባት እዚያ ላይ ጠንክሬ መግዛት ነበረብኝ። እኔ ግን ኩራት ያዘኝ፣ እርጥቡን ማሰር ጀመርኩ።

አባቴ የሚያስረው በልጥ ነበር። ልጥ ርሶ ሲታሰርበት ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ያገኘሁት ልጥ ለታችኛው ሁለት ቦታ ብቻ በቃ። ላይኛውን በፕላስቲክ ገመድ አሰርኩት። ይህን በፍጹም አታድርጉ። በፍጹም። መካከሉ ላይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ሲኖርብኝ ረሳሁት፤ ያለ እሱ እሳቱ ወደ ውስጥ አይገባም።

መሸ። በየሕንፃው ሥር ችቦ ተለኮሰ። የጎረቤቶቻችን ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የኛ ይጨሳል። ክብሪት፣ ወረቀት፣ እንደገና ክብሪት። ልጄ ሥዕሎቹን በፌስታል ይዞ ይጠብቃል። ሴቷ ልጄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆማለች። «አባዬ፣ የኛ መቼ ነው የሚነደው?» አለችኝ። ሮጬ ወጥቼ ላምባ አመጣሁና አፈሰስኩበት።

ቦግ አለ። ከራሴ በላይ ሄደ። ላምባው ላዩን ነደደና የፕላስቲኩ ገመድ ቀለጠ፣ እየነደደ መንጠባጠብ ጀመረ። አንዷ ጠብታ የልጄ ነጠላ ዘርፍ ላይ አረፈች። ልጄ አልጮኸችም፣ ደንግጣ እያየችው ቆመች። ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው የደረሱላት። ነጠላውን ከትከሻዋ መንጭቀው መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። እኔ ችቦውን ይዤ እንደ እንጨት ደርቄ ነበር። ልጄ ምንም አልሆነችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነጠላው ጫፉ ላይ የመዳፍ ያህል ተበላ። ችቦው ደግሞ ላምባው ሲያልቅለት ራሱ ጠፋ።

እማማ አልተቆጡኝም። «ላምባ እርጥብ እንጨት አያነድም፣ ልጄ። ላዩን ብቻ ነው የሚልሰው» አሉኝ። ቀጥለው፣ «የችቦ እንጨት በቡሄ ይገዛና እሳት ባለበት ቤት ይከርማል» አሉ። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እኔ የማስታውሰው ማሰሩን ነው። እንጨቱ ከመታሰሩ በፊት ሳምንታት ጣራው ሥር፣ ከምድጃው ጭስ በላይ መክረሙን ረስቼው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጭራሮውን ከቡሄ በፊት ግዙ፣ እየሰበራችሁ ግዙ። የኛ ኮሚቴ ቤት ውስጥ እንጨት አታስቀምጡ ይላል፤ እኔ ግን አስገቡ ነው የምለው። ደረጃ ሥር አይሁን፣ በረንዳም አይሁን። ሳሎን ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኩሽናውን እንዲካፈል አድርጉ፣ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በሩን ዝጉበት። ዘንድሮ ደግሞ ለግቢው አንድ የጋራ ችቦ ይበቃል፣ በየቤቱ አይለኮስ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አልስማማም። ልጅ ትልቅ ሰው ሲለኩስ ቆሞ በማየት ብቻ በዓሉን የራሱ አያደርገውም። ከክንድ የማይበልጥ ትንሽ ችቦ ሥሩለትና እጁን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ሜዳ ላይ አብሩ። አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ነጠላ ወገብ ላይ ይታሰር ወይም ቤት ይቅር። ላምባ የሚባል ነገር አይታሰብ። ቄጠማውንም ሴራሚክ ላይ ከመጎዝጎዛችሁ በፊት ውሃውን አራግፉት፣ ያንሸራትታል።

ያን እርጥብ ጭራሮ አልጣልኩትም። ፈትቼ ሳሎን ውስጥ በግድግዳው ልክ ዘረጋሁት። ሁለት ሳምንት እሱን እየተሻገርን ኖርን። መስከረም 16፣ ለደመራ፣ በልጥ ብቻ ደግሜ አሰርኩት፣ መካከሉን ሣር ሞላሁት። በአንድ ክብሪት ያዘ። ከጫፉ ጀምሮ እየተንጣጣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ልክ የአባቴ ይነድ እንደነበረው። ወንዱ ልጄ እጁ እጄ ላይ ሆኖ ሕንፃውን አብረን ዞርን።

ሴቷ አልመጣችም። ከእማማ ኋላ ሆና ቀሚሳቸውን ይዛ ቆመች። «ጠፋ?» አለችኝ ከዚያው ሆና። «አልጠፋም፣ ነይ» አልኳት። አልቀረበችም። ባለፈው ሳምንት ለዘንድሮ ምን እንሥራ ብዬ ጠየቅኳት። «አበባ» አለችኝ። «አበባ ብቻ።»