ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈው ቁጥር

በአሜሪካ በስልክና በቪዲዮ የሚያስተረጉም ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በደቂቃ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ደቂቃው ይቆማል። ደጋግሞ ከተቋረጠ ጥሪው ወደ ሌላ አስተርጓሚ ይዞራል፤ ከዚያም ከአስተባባሪዎቹ «የኢንተርኔትሽን ሁኔታ አስተካክዪ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት የምጽፈው የቴክኖሎጂ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ኢንተርኔቱን ለቤቱ ዕቃዎች በሚያከፋፍለው ራውተር ላይ የሚበራው መብራት ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ዕድሜዬን ብፈጽም ቅር አይለኝም ነበር።

ቤታችን በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ፣ ምድር ቤት ያለው ቤት። በማርች 2020 የግዛቲቱ ገዥ ትምህርት ቤቶች እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እንደማይከፈቱ ሲያስታውቅ፣ ቀን ቀን ባዶውን ይውል የነበረው ቤት በአንድ ጊዜ ሞላ። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቼ በላፕቶፕ መማር ጀመሩ። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታክሲ ይሠራ ነበር፤ መንገደኛ ሲጠፋ መኪናውን አቁሞ ሳሎን ተቀመጠና የአገር ቤት ዜና ከዩቲዩብ መከታተል ያዘ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ወረርሽኙ እዚሁ አስቀራት። ምድር ቤቱን የተከራየው ወጣት ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆኖ ማታ ማታ የኔትወርክ ትምህርት ይማር ነበር፤ ኮሌጁ ሲዘጋ ትምህርቱን በቪዲዮ ቀጠለ። ስናከራየው «መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔትን ጨምሮ» ብለን ስለነበር፣ በመስመሩ ላይ ከእኛ እኩል መብት አለው።

እኔ የምሠራው መኝታ ቤታችን ካለው የልብስ ክፍል ውስጥ ነው። የተሰቀለ ልብስ ድምፅ ይውጣል፤ ሕፃን ቢያለቅስም ሆነ ባለቤቴ ከዜናው ጋር ቢሟገት ወደ ታካሚው ጆሮ አይደርስም። ከሁሉም ጥሪ የሚያስጨንቀኝ የመድኃኒት አወሳሰድ ያለበት ነው። ነርሷ በቀን ስንት ፍሬ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እያለች ትናገራለች፤ አንዷም ቃል አታመልጠኝም። ተርጉሜ ስጨርስ ግን ታካሚዋ «በቀን ስንት አልሽኝ ልጄ?» ትለኛለች። እደግማለሁ። «አሁንም ተቆረጠ» ትላለች። ነርሷ ደግሞ በበኩሏ «አስተርጓሚዋ አለች ወይ?» ትላለች። እኔ ሁለቱንም ጥርት አድርጌ እየሰማሁ፣ ለሁለቱም የለሁም። ፍንጩ ይኸው ነበር፤ ሁሉ ነገር ወደ እኔ ይደርሳል፣ የእኔ ግን አይደርስም። በዚያን ሰሞን ግን ፍንጭ የሚፈልግ አልነበረም፤ የሚፈለገው ጥፋተኛ ነው።

ጥፋተኛ ደግሞ በቤታችን ሞልቷል። መጀመሪያ የተወነጀለው የባለቤቴ ዩቲዩብ ነው። እሱ ጣቱን ወደ ልጆቹ ጨዋታ ቀሰረ፤ ልጆቹ ወደ ምድር ቤት። ተከራያችንም እንደ ባለጌ እንዳይቆጠር ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚያወርድ መሆኑን ሳይጠየቅ ያስረዳ ጀመር። እናቴን ማንም አልደፈራትም። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ቅዳሴው በቀጥታ ሥርጭት ብቻ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ዋለ። በስቅለት ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ትሰግዳለች። ካህኑ ማዕጠንቱን እንዳነሣ ምስሉ ደረቀ፤ መሐሉ ላይ ያቺ የምትሽከረከር ክብ መጣች። እናቴ ግንባሯን ከምንጣፉ ሳታነሣ «ተመለሰ?» ትላለች፤ ልጄ «ገና ነው አያቴ» ትላለች። እዚያው ቆየች። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ወደ ኩባንያው ደወለ።

የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ በሰፈሩ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ስሙ የሚጨምረው ነገር የለም። ምክራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሞደሙን፣ ማለት ራውተሩን ከኩባንያው መስመር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ፣ ነቅላችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ይህ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ የገባኝ በኋላ ነው። ሁለተኛው ምክራቸው ግዢ ነው። የእኛ ውል በሰከንድ 200 ሜጋቢት ነበር፤ ወደ 400 ከፍ ብንል ችግራችን እንደሚወገድ ሴትዮዋ በጣም በርኅራኄ ነገረችን። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜጋቢት ሲባል ብዙ ሰው ፋይል የሚለካበት ሜጋባይት ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። 200 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 25 ሜጋባይት ነው። ያም ቢሆን ለቤታችን ብዙ ነው፤ ዙም ለአንድ ጥሪ ከጥቂት ሜጋቢት በላይ አይፈልግም። ሒሳቡ አልገጥም ያለኝ ለዚህ ነው።

ነገሩን የፈታው ተከራያችን ነው። በሩን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ከፈቀዱልኝ ራውተሩን ልየው፤ ለትምህርቴም ይጠቅመኛል» አለኝ። ላፕቶፑን በገመድ አያይዞ ፍጥነቱን ለካ። የሚገባው ወደ 180 ነው። የሚወጣው ግን አንድ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በራውተሩ ላይ የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር አወጣ፤ ስልክ፣ ታብሌት፣ ቴሌቪዥን፣ የበር ደወል ካሜራ፣ የሕፃኑ ክፍል ካሜራ፣ ስሙ የማይታወቅ አሮጌ ስልክ። አንድ በአንድ ሲያቋርጣቸው የባለቤቴ ስልክ ላይ ደረሰና ቆም አለ። ያቺ ስልክ ከመስመሩ ስትወጣ የሚወጣው ቁጥር ብድግ አለ።

ባለቤቴ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው አንድ ነገር ነበር፤ ሕፃኑን በቪዲዮ መቅረጽ። ሲያዛጋ ይቀርጻል፣ ሲያስነጥስ ይቀርጻል። ስልኩ ደግሞ የቀረጸውን ሁሉ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻው ይልካል። የእናቴም ታብሌት እንዲሁ። ካሜራዎቹም ማንም በሩ ላይ ባለፈ ቁጥር ይልካሉ። ዩቲዩቡም ቅዳሴውም ንጹሕ ነበሩ፤ እነሱ የሚቀበሉ እንጂ የሚልኩ አይደሉም። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚውለው ነው መስመሩን የጨረሰው።

ታዲያ ምስሉስ ለምን ይደርቃል? ተከራያችን ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። እንደ ቅዳሴው ያለ ቪዲዮ ተቆራርሶ ነው የሚመጣው፤ ተቀባዩም «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልስ ካልላከ ላኪው ይታቀባል። መውጫው በሕፃኑ ቪዲዮ ከተጨናነቀ ያ ትንሽ መልስም ወረፋ ይይዛል፤ እንግዲህ መግቢያው ባዶ ሆኖ ሳለ የሚገባው ደጋግሞ ይቆማል። ሞደሙ ደግሞ የበዛበትን አልቀበልም ከማለት ይልቅ ውስጡ ያጠራቅመዋል፤ እንደ ጠባብ በር ላይ እንደተሰለፈ ሰርገኛ፣ የእኔ ድምፅ ከሻንጣ ተሸካሚው ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ተነቅሎ ሲሰካ ለጊዜው የሚሻለው ያ ሁሉ ወረፋ ስለሚበተን፣ የሚልኩት ዕቃዎችም ተመልሰው እስኪጀምሩ ስለሚቆሙ ነው።

ውላችንን አውጥተን ብንመለከት፣ መውጫው 10 ሜጋቢት መሆኑ ታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። 200 ይገባል፣ 10 ይወጣል። ይህ የዘፈቀደ አይደለም፤ ታሪክ አለው። እነዚህ የኬብል መስመሮች የተዘረጉት ለቴሌቪዥን ነው፤ ሰው ተቀምጦ ያያል እንጂ መልሶ ምን ይልካል? በሽቦው ላይ እያንዳንዱ ቻናል የራሱ የሞገድ ቦታ አለው፤ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ቻናል 2 የሚጀምረው ከ54 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ላይ ሲመጣ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰፊ ቦታ ለመቀበያ ሲሆን ለመላኪያ የተረፈው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። እሷንም የምንካፈላት ከጎረቤቶቻችን ጋር ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪ ሆነ፤ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ተማሪው፣ ካህኑ ሁሉ ከቤቱ ምስል ይልካል።

ያን ዕለት ኩባንያው ዘንድ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሻጯ የ400ውን ውል ስታቀርብልኝ «መላኪያው ስንት ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «በጣም ፈጣን ነው» አለችኝ። ቁጥሩን እንድትነግረኝ ደጋግሜ ብጠይቃት፣ ሥራ አስኪያጅ አማክራ ተመለሰችና ጥቂት ብቻ ከፍ እንደሚል ነገረችኝ። በወር የሚጨመረው ገንዘብ ግን ጥቂት አልነበረም። አልገዛሁም።

መፍትሔው የተገኘው ከቤት ነው። ተከራያችን ራውተሩ የሚልከው ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ እንዲል ወሰነበት፤ ያኔ ወረፋው በሞደሙ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በራውተሩ ቁጥጥር ሥር ሆነ፤ ድምፅ ይቀድማል፣ የሕፃኑ ማዛጋት ይቆያል። የስልኮቹን መላኪያ ሰዓት ወደ ሌሊት አዛወርነው። ለእኔ ደግሞ ከሳሎን እስከ ልብስ ክፍሉ ድረስ በደረጃው ጠርዝ የኔትወርክ ገመድ ዘረጋልኝ፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ ከአንዱ የዋይፋይ ሞገድ ጋር እኩል ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ገደማ ስለሚሠራ፣ ምሳ ሲሞቅ የሚቆራረጠው ድምፄ በዚያው ዳነ። እናቴ በገመዱ ላይ አንድ ቀን ተደናቅፋ «ይኼ እባብ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃውን በጠረገች ቁጥር እሷው ናት ማጣበቂያውን የምታጠብቀው። ለተከራያችን የዚያን ወር ኪራይ ግማሹን ተውንለት። ባለቤቴ ሙሉውን ልተው ቢል ኖሮ አልቃወምም ነበር፤ አላለም።

ሰላም ሆነን እንዳለን በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. አንድ ማለዳ እናቴ በቫይበር አዲስ አበባ ብትደውል አልገባ አላት። ለእህቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለንስሐ አባቷ ሞከረች። «ያ ልጅ ደግሞ ምን ነካካ?» ብላ ወደ ምድር ቤቱ ተጣራች። ልጁ ከእንቅልፉ ተነሥቶ እየሮጠ መጣ፤ ፍጥነቱን ሲለካው ሁሉ ደህና ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 22 ምሽት ተገድሎ፣ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት መዘጋቱን ያወቅነው ከዜናው ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እናቴ በካርድ በቀጥታ ስልክ ትደውል ጀመር፤ እኛ ስለ 10 ሜጋቢት ስንነጫነጭ በሰማች ቁጥር «እናንተ እንኳ ዝም በሉ» ትለን ነበር። ተከራያችንን ግን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ምግብ ሠርታ።

አሁን ሰፈራችን ፋይበር፣ ማለት መረጃን በብርሃን የሚያመላልስ የመስታወት ገመድ፣ ገብቶለታል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ነው፤ ልጁም ዲፕሎማውን ይዞ ሄዷል። የአሜሪካ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. «ብሮድባንድ» (ፈጣን ኢንተርኔት) የሚባለው ቢያንስ 25 ሜጋቢት የሚያስገባና 3 የሚያስወጣ ነው ብሎ ነበር፤ በማርች 2024 ወደ 100 እና 20 ከፍ አደረገው። በዚያው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ ትልልቆቹ አቅራቢዎች፣ በምግብ ዕቃ ላይ እንደምናየው ዓይነት መግለጫ እንዲያወጡ ተገድደዋል፤ ዋጋው፣ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚዘገየው ሁሉ በቁጥር ተጽፎ። መግለጫውን ግን ማንበብ አለብህ፤ በስልክ የሚሸጥልህ ሰው አያነብልህም።

ይህን በምን አወቅሽ ብትሉኝ፣ ከሆስፒታል ሌላ የምናስተረጉምላቸው የኢንተርኔት ሻጮችም ስላሉ ነው። የማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ነገር አልናገርም፤ ደግሞም ተመሳሳዩ ጥሪ ብዙ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከቤት እንደምትሠራ፣ ስብሰባ ላይ እሷ ሌሎቹን ብትሰማም እሷን የሚሰማት እንደሌለ ይናገራሉ። ሻጩ ስለሚገባው ቁጥር ያስረዳል፤ ትልቁን ያቀርባል፣ ከዚያም ከሱ የሚበልጠውን። እኔ በመካከል ተቀምጫለሁ። የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፤ ከራሴ አንድ ቃል መጨመር አልችልም፣ መቀነስም አልችልም። ሴትዮዋ ሲቸግራቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትወስጃለሽ?»

ያንንም እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሻጩ ጥቂት አሰበና «አብዛኛው ደንበኛ ትልቁን ነው የሚመርጠው» አለ። እሱንም ወደ አማርኛ መለስኩት። ትልቁን ገዙ።