ሎሚ፣ አመድና ሦስት ሽልንግ

ለአርበኞች የድል ቀን ሳንቲም ሰብሳቢዎች ተሰብስበን ሽልማት ያለው የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀን። ሽልማቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት አንድ ማርትሬዛ ብርና ሦስት ሽልንግ፣ ማለትም ፲፱፻፴፮ የሚል ቀን ያለበት የጃንሆይ የብር ሃምሳ ሳንቲም። ጥያቄ የማውጣቱን ሥራ የታሪክ መምህር ለሆነ ጓደኛችን ሰጠነው። እሱም የመጀመሪያው ለማሟሟቂያ ይሁን ብሎ ጠየቀ፦ «ሚያዝያ 27 ቀን በድል አዲስ አበባ የገባው ማነው?»

ግማሹ ቤት «ጃንሆይ!» ሲል ግማሹ «ባዶሊዮ!» አለ። ጉዱ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። የጣሊያን ጦር መሪ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ጃንሆይም ከስደት የተመለሱት በአምስተኛ ዓመቱ በዚያችው ቀን በ1933 ነው። መምህሩ «በድል ነው እኮ ያልኩት» ብሎ ሊያመልጥ ሲሞክር፣ አጉሊ መነጽር ከኪሳቸው የማይለይ አንድ ጋሼ «ባዶሊዮስ ታዲያ ተማርኮ ነው የገባው?» አሉት። ለሁለቱም ወገን ነጥብ ተሰጠ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማርትሬዛው መቼ ተመታ የሚል ነበር። ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ተጽፏል፣ ሁሉም እያየ 1780 ብሎ ጻፈ። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይማ ስምንት ቀንሶ «በእኛ አቆጣጠር 1772» ብሎ በኩራት አስረከበ። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ስትሞት ቀኑ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻ መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ፤ በዓመቱ እንግሊዞች ለንደን ላይ ጀመሩ፤ በጦርነቱ መሀል ቦምቤይም ተጨመረች። ስለዚህ «1780» የሚለው ብር ከአያትህ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። ይህን የመለሱት እኚያው ጋሼ ብቻ ነበሩ።

በሦስተኛው፣ በሽልንጉ ጥያቄ ላይ ከዋሽንግተን በስልክ የሚሳተፍ ዘመዳችን ጉድ አፈላ። የሽልንጉን ፎቶ ልከንለት የግዕዙን ቁጥር በትክክል አንብቦ ሲያበቃ፣ «በ1936 ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ስደት ላይ ነበሩ፤ ሳንቲማችሁ ሐሰተኛ ነው፣ ተጭበርብራችኋል» አለን። የአበሻ ልጅ የሰውን ካላንደር ሲለምድ እንዲህ ነው። በእኛ 1936 ማለት በፈረንጅ 1943/44 ነው። ሳንቲሙ የተመታው ፊላዴልፊያ፣ ብሩም የተገኘው አሜሪካ ለጦር ጓደኞቿ በምታበድርበት በሌንድ ሊዝ ነው። ገበያ የወጣው ደግሞ የኢትዮጵያ ዶላር ሥራ ላይ በዋለበት በሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው፤ እስከዚያ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከማርትሬዛው ጋር ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። ይህን ስናስረዳው «ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው» ብሎ ዘጋ።

በነጥብ ጋሼ አሸነፉ። ሽልማቱ ይምጣ ተባለ።

ማርትሬዛውን አስቀድመን በደንብ ፈትሸነዋል። በወርቅ ቤት ሚዛን 28.07 ግራም ገደማ መምጣት አለበት፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ትንሽ ቢቀንስ አያስደነግጥም። የወጥ ቤት ሚዛን እዚህ ላይ አይረዳም፣ ግማሽ ግራምን አይለይም። ዙሪያውን ስታዞረው ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም መሀሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ካለ በሻጋታ የተቀዳ ነው። እንደ አንገት ጌጥ ታስሮ የቆየ ብር ብዙ ስለሆነ የብየዳ ጠባሳም ይፈለጋል። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፣ ነሐስና እርሳስም አይሳቡም። አስተማማኙ የውሃው ነው፦ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠህ ዜሮ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ግድግዳና ታች ሳታስነካ ታጠልቀዋለህ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ፣ ክብደቱን ለዚያ ስታካፍል 10.2 ገደማ ይመጣል፤ 83 ከመቶ ብር የሆነ ነገር እንዲህ ነው። ሽልንጎቹን ግን ማንም ውሃ ውስጥ አልነከራቸውም። ሽልንግን ማን ብሎ!

እና ትሪው መጣ። የቤቱ እመቤት እትዬ እየሳቁ አስቀመጡት። ማርትሬዛው እንደ አዲስ ሲኒ ያበራል።

«ምነው እትዬ፣ ምን ነካው?»

«እንዴ፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ነገር እንዲህ ጠቁሮ? በሎሚና በአመድ ፈተግኩታ። እንቢ ሲለኝ በዕቃ ማጠቢያው ሽቦ።»

ቤቱ ጭጭ አለ። ለማያውቅ ሰው፣ ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር በዓመታት የሠራው ቆዳ ነው፣ ሰብሳቢም የሚከፍለው ለእሱ ጭምር ነው። ሎሚው ቆዳውን ይገፍፋል፣ አመዱ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተዋል፤ መብራት ስር ሰያፍ ስታደርገው ሁሉም ይታያል፣ መመለሻም የለውም። ጭቃ ካለበት የተጣራ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና በለስላሳ ጥጥ ሳያሹ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ ነው፤ ከርካሽ ፕላስቲክ የመጣ አረንጓዴ ቅባት ካለበት አሴቶን። ሽቦማ፣ የድስት ነው።

መምህሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ጋሼ ግን አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ሽልንጎቹን አንድ በአንድ ያገላብጡ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የጃንሆይ ጉንጭና የአንበሳው ጎን ላይ ቀይ ሆኗል። መዳብ!

ነገሩ ወዲያው ገባን። የመዳቡ ስሙኒ መጀመሪያ ሲወጣ ድፍን ክብ ነበር፤ በመጠን ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በእጥፍ ያስተላልፉት ነበር። በዚህ የተነሳ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ የተጠረበው ስሙኒ ተተካ። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ከሽልንጉ ይልቅ ብርቅ ነው። ያን ቅብ ሰባ ዓመት ሙሉ ያልያዘው ሰው የለም፣ እጅ ከፍንጅ የያዙት ግን እትዬ ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» አልናቸው፤ ከኛ መሀል ሁለት ሰዎች እዚያው በሦስት ሽልንግ ቀይሩኝ ብለው መለመን ጀምረዋል። እትዬም አንገታቸውን ቀና አድርገው «ሌላ የሚታጠብ ካለ አምጡ» አሉ፤ ሁሉም አልበሙን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

ጋሼ ስሙኒውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱና የተጻፈውን የውድድር ደንብ አነሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ሦስት ሃምሳ ሳንቲም።» ከዚያ መምህሩን ትክ ብለው አዩትና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሃያ አምስት ሳንቲም ይጎድላል።»