አሚን ባይዋ ስቶቭ

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ማታ ጋደም ስል አሁንም "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" ይሰማኛል።

አማቴ ከሐይቅ ሊመጡ ነው። ሚስቴ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ስቶቩን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ገባኝ።

ስቶቫችን ያው ደሴ በየቤቱ የምታገኟት ዓይነት ናት። ሦስት ጋዝ፣ አንድ ኤሌክትሪክ፣ ከታች የድስት መጋዘን የሆነ ኦቨን። ሽሮ ገንፍሎባታል፣ ወተት ገንፍሎባታል፣ ባለፈው ረመዷን የተጠበሰ ሳምቡሳ ዘይቱ እስካሁን አለ። የከሰል ምድጃ ቢሆን እኮ አመዷን ደፋ፣ አለቀ።

ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ አየሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። ቪዲዮ ላይ የሚጸዳው ስቶቭ ድሮም ንጹሕ ነው! አንዲት ጠብታ ወጥ ያንጠባጥቡና ያቺኑ ጠርገው "አያችሁ?" ይሉናል። ምኑን ነው የምናየው? እስቲ መጥተው የእኛን ሽሮ ይሞክሩት።

መጀመሪያ ላይ ወላሂ ጎበዝ ነበርኩ። ሲሊንደሩን ዘጋሁ። የጋዙን ቆቦች ፍል ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ጠነቆልኩ። ለካ እሳቱ ቢጫ እየሆነ ድስቱን ጥላሸት የሚያለብሰው እነሱ ተደፍነው ነው። የኤሌክትሪኩን ክብ ብረት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፣ አግዬ አደረቅኩት፣ እንዳይዝግ ዘይት ነካ አደረግኩት። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የተከበርኩ አማች ነበርኩ።

ግን ማዞሪያዎቹ ሥር ያለው ቅባት ዓይኔን በላው። ነቀልኳቸውና ውሃ ደፋሁበት። በጆግ! ሶኬቱን እንኳ ሳልነቅል። ሳልጠበስ መቅረቴ ራሱ ይገርመኛል።

ከሰዓት በኋላ ቡናው ተፈላ፣ ሉባንጃው ጨሰ፣ ጎረቤት ሞላ። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።

"ያላገባ ያግባ!"

"አሚን!" አልን።

"ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ" አለች ስቶቭ።

ውሃው ማዞሪያው ሥር ያለው ማብሪያ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሰው የተጫናት መስሏት በራስዋ እሳት ትጭራለች። በሦስቱም ምድጃ፣ በአንዴ። ጋዝ የለ፣ ድስት የለ፣ ዝም ብላ ትጭራለች።

"የታመመ ይዳን!"

"አሚን!" "ጠቅ ጠቅ ጠቅ!"

ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። በጨርቅ ጠረግኳት። በሰፌድ አራገብኳት። ባሰባት። ሶኬቱ ከጀርባዋ ነው፤ እሷ ደግሞ በግድግዳና በፍሪጅ መሐል ተቀርቅራለች። ያን ሁሉ ብረት ጎትቼ ሲሚንቶው ላይ ላንቋቋ? በዱዓ መሐል?

መብራት ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲሰፋ የሚጠፋ መብራት፣ ልብስ ግማሽ ተተኩሶ የሚጠፋ መብራት፣ ያን ቀን ቀጥ ብሎ አለ። ራሴ ቆጣሪው ጋ ሄጄ አጠፋሁት። ቆጣሪው ደግሞ ከአከራያችን ጋር የጋራ ነው፤ ኳስ ላይ ነበሩ። "ማነው ያጠፋው?" የሚል ድምፅ ግቢውን ሲያናውጠው መልሼ አበራሁት።

ስመለስ ሰዉ አሚን ማለቱን ትቷል። ከዱዓው በኋላ ሁሉም ጆሮውን ወደ ወጥ ቤት አቅንቶ የእሷን ይጠብቃል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። አማቴ ግን ፊታቸው እንኳ አልተፈታም።

"አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "ከሁላችሁም እሷ ትሻላለች። ቀድማ ነው አሚን የምትለው።"

ማታ እንግዳው ሲሄድ ጎትቼ ነቀልኳት። አንድ ቀን ሙሉ ስትደርቅ ዋለች፤ ከዚያ ዝም አለች።

አማቴ ግን ዝም አላሉም። ትናንት ደወሉ። "ልጄ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹ ደህና? ጎረቤቱ ደህና? ሥራው ደህና?" አሉና ትንሽ ቆየት ብለው፣ "አሚን ባይዋስ?"

ሚስቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ነበር።