ክንዴ ሲነሣ የታየው

ዛሬ የትከሻዬን አልትራሳውንድ የሠራችልኝ ሐኪም ጄሉን ቀብታ መሣሪያውን ትከሻዬ ላይ ካስቀመጠች በኋላ፣ «ክንድዎን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ያንሡ» አለችኝ። ቀደም ሲል የተነሣሁት ራጅ አጥንቶቼ ደህና መሆናቸውን ነግሮኝ ነበር፤ ራጅ የአጥንትን ቅርጽና ከትከሻ ጫፍ ሥር የበቀለ ትርፍ አጥንት ካለ ያሳያል እንጂ ጅማቱን አያሳይም።

ክንዴ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ያ የማውቀው ሕመም ወጋኝ። በዚያችው ቅጽበት፣ በስክሪኑ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው ጅማት ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር ሊያልፍ ሲል ተጨማዶ ቆመ፤ በላዩ ያለው ቀጭን የፈሳሽ ከረጢትም አበጥ ብሎ ወደ ጎን ተገፋ። «ያመመዎት አሁን ነው?» አለችኝ። አሁን ነበር። ለወራት ለሰው ማስረዳት ያቃተኝን ነገር በዓይኔ ሳየው እንባዬ መጣ።

ኤምአርአይ ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጅማቱ ተቀድዶ እንደሆነና መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን በዝርዝር ለማየት እጅግ ጠቃሚ መሆኑን፣ ሆኖም ተኝተንና ክንዳችንን ከጎናችን አድርገን ስለምንነሣው ይህን እንቅስቃሴ እንደማያሳይ አስረዳችኝ። በዚያ ላይ የጅማት መቀደድ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ በገፉት ላይ በብዛት ስለሚታይ፣ ምስሉ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት ይኸው ነው ሊል አይችልም። ለዚህም ይመስለኛል፣ ሪፖርቱን ስትጽፍ ከልኬቶቹ ሁሉ አስቀድማ ሕመሙ በስንት ዲግሪ ላይ እንደጀመረኝ የመዘገበችው።