እስከ መቼ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን አላውቀውም። ዝናቡ ይሆናል። ጎንደር በክረምት ቅዳሜ ላይ ስትጨፈግግ ሰውንም አብራ ታጨፈግጋለች። መብራት ሄዷል። ቡና አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ቡና ብቻን ሲጠጡት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ከፒያሳ የተከራየሁትን ልብ ወለድ አነሳሁ። ሽፋኑ ወልቋል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም፤ የደራሲውን ስም እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። ገና ከመጀመሬ ልጅቷ መጣች። ጸጉሯ ዞማ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ መቃ፣ ጥርሷ በረዶ። አንድ ገጽ ሙሉ! ልጁስ? እሱ ሐኪም ነው። ያነባል፣ ይናደዳል፣ ስለ አገሩ ያስባል። እሷ ምን ያስቃታል? ምን ትፈራለች? የቤት ኪራይ ትከፍላለች? አንድም ቃል የለም።

እየተበሳጨሁ ግን ገጹን እገልጣለሁ። እጇን ሲይዛት የእኔም ልብ ይመታል። ሲጣሉ እንባዬ ይመጣል። ብስጭቱም እንባውም የእውነቴ ነው።

እማ፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማችውን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። እሷ የምታለቅሰው ለበዛብህ ነው። እኔ ግን የሰብለ ነኝ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ በአባቷ የዘር ኩራት ታጥራ የኖረች ልጅ፣ አንድ ቀን ያንን ቤት ጥላ ወጣች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ አንዲት የጎጃም ባላባት ልጅ ወዳጇን ፍለጋ መንገድ ጀመረች። ይህን ሳነብ ዛሬም ያኮራኛል። ግን የደረሰችው ሊሞት ከተቃረበ ሰው ዘንድ ነው። ከዚያ መነኮሰች። በአሥራ አምስት ዓመቴ ሳነበው ፍቅር ማለት ወይ መሞት ወይ መመንኮስ መሰለኝ። ያንን ሰውዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ይደውላል ብዬ የጠበቅኩት ከዚያ ተምሬ ይሆን?

ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቁስቋም ወጥተን ነበር። ታሪኩን እዚህ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፤ ምንትዋብ የምትባል ቆንጆ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ወደዷት፤ አገቧት ይባላል። ሰው ሲያወራው እዚያ ላይ ያቆማል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር አገር የመሩት፣ ቁስቋምንም ያሠሩት እኚያው እቴጌ ናቸው። እኔ ከሠርጉ ማግስት የሚጀምር ልብ ወለድ ነው የናፈቀኝ። ፍቅር ይኑርበት፤ ልጅቷም ሥራ ይኑራት።

ይህን እያሰብኩ ገጽ 132 ደረስኩ። ልጁ ለትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ ነው። «ጠብቂኝ» ይላታል። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከመስመሩ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ደቃቅ ጽሑፍ አለ።

«እስከ መቼ?»

ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። እርሳሱን ተጭና ነው የጻፈችው፤ የፊደሉ ቅርጽ በገጹ ጀርባ በኩል በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ላይ ምንም ምልክት የለም። እስከ መጨረሻው አገላበጥኩ፤ ከዚያ በኋላም የለም። እዚያ ላይ አቁማ መጽሐፉን መለሰችው? ወይስ ዝም ብላ ጨረሰችው? ደግሞስ ሴት መሆኗን በምን አወቅሁ? ብቻ ሴት ናት ብሎኛል ልቤ። እሷም አንድ ሰው «ጠብቂኝ» ብሏት ይሆናል።

መጽሐፉን ነገ መመለስ አለብኝ። ከጽሑፏ ሥር አንድ ነገር ልጽፍላት እርሳስ ፈልጌ አመጣሁ። ምን ልበላት?